ሃምሳ አምስት ሎሚ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ካርድ ነው። ከመዳፍ አትበልጥም። በኪስ ቦርሳ ውስጥ ከመንጃ ፈቃድ ጎን ትቀመጣለች፤ ሰው ጤናው የተሟላ እንደሆነ ረስቷት ይከርማል። ልጅ በእኩለ ሌሊት ያተኮሰው ቀን ግን ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ቀድማ የምትፈለገው እሷው ናት። የጤና መድን ካርድ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገራችሁና፣ በ2018 በአሜሪካ፣ በአንዲት ተራራማ ግዛት፣ የትምህርት ቤት ሠራተኞች የዚህች ካርድ ነገር አንገብግቧቸው ሥራ አቆሙ። ዘጠኝ የትምህርት ቀን ሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በሩን ለተማሪ የከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም።

ግዛቲቱ ዌስት ቨርጂኒያ ትባላለች። በአፓላቺያ ተራሮች መካከል ተኝታለች። ልጆቿን በድንጋይ ከሰል አሳድጋ፣ ከሰሉ ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹን ለስደት የሸኘች አገር ናት። በ55 ካውንቲዎች ትከፈላለች። ይህን ሃምሳ አምስት የሚባል ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወጋችንን ከወጥ ቤት እንጀምር። አድማው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት መምህራኑ፣ ምግብ አብሳዮቹና የአውቶቡስ ሾፌሮቹ ከመደበኛ ሥራቸው በላይ ሌላ ሥራ ተደርቦባቸው ነበር። ከረጢት በከረጢት ምግብ ይሞላሉ። ከፊሉን በልጆቹ ቦርሳ ይከታሉ፤ ከፊሉን በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ያከማቻሉ። በዌስት ቨርጂኒያ ያኔ ከአራት ልጆች አንዱ ያህል በድህነት ነበር የሚያድገው። ለብዙዎቹ ቁርስም ምሳም ያለው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ ማለት ለእነሱ ማዕድ ተነሣ ማለት ነው። እናም እነዚህ ሠራተኞች ስለ ራሳቸው ደመወዝና ሕክምና አደባባይ ከመውጣታቸው በፊት ጦሙን ስለሚያድረው ልጅ አሰቡ። ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። የወጋችን ፍሬ ያለው በዚያ ከረጢት ውስጥ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። የጤና መድንን ነገር ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ የለም። በሽታን ሎሚ ነው በሉት። ሃምሳው ሁሉ በአንድ ቤት ደጃፍ ሲራገፍ ቤቱን ያፈርሰዋል፤ ጥሪት ያሸጣል፣ ልጅ ከትምህርት ያስቀራል። ለሃምሳ ሰው ሲታደል ግን እያንዳንዱ አንዷን ይዞ እያሸተተ ይሄዳል። ዕድር ያቆሙ እናቶችና አባቶች ይህን ያወቁት ከኑሮ ነው።

አሜሪካም ይህን ሎሚ ለብዙ ሰው ማካፈልን በሰፊው የተማረችው ከመምህራን ነው። እስቲ ወደ ኋላ፣ ወደ ቴክሳስ ልውሰዳችሁ።

ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል የሚባል ሰው ነበር። ዳላስ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በበላይነት ሲመራ የኖረ ሰው ነው። በ1929 የቤይለር ዩኒቨርሲቲን የዳላስ ሕክምና ተቋማት እንዲያስተዳድር ተሾመ። የሆስፒታሉ ገንዘብ ሳስቷል። ኪምቦል ያልተከፈሉትን ሂሳቦች መዝገብ ገልጦ ስም በስም ሲያነብ፣ የሚያውቃቸው ስሞች ብቅ ብቅ አሉበት። ትናንት ይመራቸው የነበሩ መምህራን ናቸው። ታመዋል፣ ተኝተው ታክመዋል፣ ድነው ወጥተዋል፤ መክፈል ግን አልቻሉም። ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው የሰውን ልጅ ሂሳብ የሚያስተምሩ ሰዎች የራሳቸውን ሂሳብ መዝጋት አቅቷቸዋል።

ኪምቦል አንድ ነገር በእጁ ነበረው። በኅዳር በሽታው ዘመን፣ ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ባመሰበት ጊዜ፣ የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊ ሳለ ለታመሙ መምህራን የሚውል የመረዳጃ ገንዘብ አቋቁሞ ነበር። ማን ታመመ፣ ስንት ቀን ተኛ የሚለው ሁሉ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ያን መዝገብ አወጣና ደመረ፣ አካፈለ። ለአንድ መምህር በወር 15 ሳንቲም ግድም ይበቃል የሚል ውጤት መጣለት። ክፉ ዓመት ቢመጣስ ብሎ 50 ሳንቲም አደረገው። በወር ሃምሳ ሳንቲም የሚያዋጣ መምህር ቢታመም በዓመት 21 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ይታከማል። አንድ ግዴታ ግን አለ፦ ከመምህራኑ ሦስት አራተኛው ካልገቡ ውሉ አይጸናም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሆዱን የሚያመው ብቻ ቢገባና ጤነኛው ቢቀር፣ ሎሚው ብዙ፣ ተሸካሚው ጥቂት ይሆናል።

ከአንድ ሺህ የሚበልጡ መምህራን ገቡ። ውሉ ዲሴምበር 20፣ 1929 ሥራ ጀመረ። የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተንኮታኩቶ አገሩ ወደ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲንሸራተት ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንዲት መምህርት በበረዶ ላይ አዳልጧት ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ሆስፒታል ገባች። ታከመች። ያን ቀን የእሷን ሎሚ የያዙላት የማታውቃቸው ከአንድ ሺህ በላይ ባልደረቦቿ ነበሩ። ዛሬ በአሜሪካ ብሉ ክሮስ፣ ሰማያዊው መስቀል፣ እየተባለ በሚሊዮኖች ካርድ ላይ የሚታተመው ስም ዘሩ የተዘራው በዚያ የመምህራን ውል ነው።

ቀጥሎ ዓለም በጦርነት ታመሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ የአሜሪካ መንግሥት ደመወዝ እንዳይጨመር አገደ፤ የጤና መድንን የመሰለ ጥቅማ ጥቅም ግን በእገዳው አልተያዘም። አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ በደመወዝ ፈንታ መድን መስጠት ያዙ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሕክምና ከሥራ ጋር ተጋባ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ መድኑ በደመወዝ ቦታ የቆመ ነው። ከአሠሪ የተቸረ ስጦታ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ በሌላ ስም የተጻፈ ደመወዝ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የተነሣው ነገር ሁሉ ከዚህች እውነት ይመነጫል።

አሁን ወደ ተራሮቹ እንመለስ።

በ1971 የዌስት ቨርጂኒያ ምክር ቤት ለመንግሥት ሠራተኞች የጋራ የጤና መድን የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። ድርጅቱን የአገሩ ሰው በአራት ፊደል፣ «ፒ ኢ አይ ኤ» እያለ ይጠራዋል፤ የመንግሥት ሠራተኞች መድን ድርጅት ማለት ነው። የግዛቲቱ ቢሮ ሠራተኛ፣ መምህሩ፣ ምግብ አብሳይዋ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ የጽዳት ሠራተኛው፣ ጡረተኛውም ሳይቀር በአንድ ጥላ ሥር ገባ። ከነቤተሰቦቻቸው ሲቆጠሩ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ሚሊዮን በማይሞላው የግዛቲቱ ሕዝብ ውስጥ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። የአረቦኑ አከፋፈል ደንብም ቀላል ነበር፦ ከመቶው 80ውን ግዛቲቱ ትሸከማለች፣ 20ውን ሠራተኛው።

ሰዎቹ ይህን ካርድ ይወዱት ነበር። ደመወዛቸው አነስተኛ ነው። በ2018 የአንድ መምህር አማካይ ደመወዝ በዓመት 45 ሺህ ዶላር ግድም ነበር፤ ከአሜሪካ ሃምሳ ግዛቶች ዌስት ቨርጂኒያ በመጨረሻዎቹ ረድፍ ላይ ነበረች። ድንበር ተሻግሮ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ቢያስተምሩ ብዙ ሺህ ዶላር የበለጠ ያገኛሉ። ብዙዎች ሄዱ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መደቦች ብቁ መምህር አጥተው ክፍት ቆዩ። የቀሩት ግን «ደመወዙ ቢያንስም መድኑ ጥሩ ነው» እያሉ ቆዩ። ካርዷ የመቆየታቸው ምክንያት ሆነች።

ቀስ በቀስ ግን የካርዷ ጉልበት ደከመ። የሕክምና ዋጋ በየዓመቱ ይወጣል፤ ግዛቲቱ የምትመድበው ገንዘብ ግን እኩል አይራመድም። ክፍተቱ ከሠራተኛው ኪስ ይሞላ ጀመር። አንድ ዓመት የመድኃኒት ድርሻ ይጨምራል፤ ሌላ ዓመት መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ ሰማንያና ሃያ የሚለው አልተነካም፤ በሐኪሙ መስኮት ላይ ግን ሠራተኛው የሚቆጥረው ገንዘብ በየዓመቱ ሌላ ነው።

ከዚያ በ2018 መግቢያ ላይ ሁለት ወሬዎች ተከታትለው መጡ። አንደኛው፣ አረቦኑ በሠራተኛው ደመወዝ ልክ መተመኑ ቀርቶ በመላው ቤተሰብ ገቢ ሊተመን ነው የሚል ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነ፣ የአንዷ ደመወዝ ሳይጨምር አረቦኗ ሊጨምር ነው። ሁለተኛው ወሬ የባሰ ነበር። በስልክ የሚጫን፣ እርምጃን የሚቆጥር፣ የአካል እንቅስቃሴን የሚመዘግብ ፕሮግራም ተዘጋጅቷል፤ ነጥብ ያልሞላ ሰው በወር 25 ዶላር ተጨማሪ ይከፍላል፤ በመጀመሪያ ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብም በ500 ዶላር ይጨምራል ተባለ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። መንግሥት ያቀረበው የመጀመሪያ ዓመት ጭማሪ ሁለት በመቶ ነበር። ከ45 ሺህ ዶላር ሁለት በመቶ 900 ዶላር ነው፤ በወር 75፣ ያውም ግብር ሳይነሣለት። የስልኩ መቀጫ ብቻ ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛውን ይበላል። በቀኝ እጅ የተሰጠውን ግራ እጅ ይመልሰዋል። ገንዘቡ ደግሞ ነገሩን አይጨርሰውም። ቀኑን ሙሉ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ስትቆም የዋለች መምህርት፣ ወደ ቤቷ ስትገባ ስንት እርምጃ እንደተራመደች ለስልክ እንድትመሰክር መጠየቋ ክብሯን ነካ። ሰው ድህነትን ይችለዋል፤ አመድ አፋሽ መሆን ግን ልቡን ይሰብረዋል።

በግዛቲቱ ዋና ከተማ በቻርልስተን አካባቢ የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን ከወራት በፊት የፌስቡክ ቡድን ከፍተው ነበር። መጀመሪያ የመምህራን ነበር። ኋላ ስሙን ቀይረው ለመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ክፍት አደረጉት። ይህችን የስም ለውጥ ቀላል አድርጋችሁ አትዩአት። መድኑ የጋራ ነው፤ እንግዲህ ጩኸቱም የጋራ ይሁን ማለታቸው ነው። ቡድኑ ከ20 ሺህ ሰው በላይ ሆነ። አንዱ የሆስፒታል ሂሳቡን ይናገራል፣ ሌላው የልጁን የኢንሱሊን ዋጋ። ሁሉም ለየብቻው በቤቱ ሲያፍርበት የኖረው ነገር የጋራ ችግር እንደሆነ ተገለጠ።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን፣ ዓርብ፣ ሦስት የደቡብ ካውንቲዎች ለአንድ ቀን ሥራ አቆሙ፦ ሚንጎ፣ ሎጋንና ዋዮሚንግ። የእነዚህን ስም የሰማ የዌስት ቨርጂኒያ ሰው ሁሉ ደሙ ይሞቃል። በ1921 አሥር ሺህ ያህል የከሰል ቆፋሪዎች የመደራጀት መብታቸውን ለማስከበር ጠመንጃ ይዘው ወደ ሚንጎ ሲተሙ፣ ሎጋን ውስጥ ብሌር ተራራ ላይ ከባለ ማዕድኖቹ ታጣቂዎች ጋር የተዋጉት እዚያ ነው። አንገታቸው ላይ ያሠሩት ቀይ መሃረብ ነበር። ከዘጠና ሰባት ዓመት በኋላ መምህራኑ ያንን ቀይ መሃረብ አንገታቸው ላይ አሠሩ። ብዙዎቹ የእነዚያ ቆፋሪዎች የልጅ ልጆች ናቸው።

ከመሃረቡ ሌላም የወረሱት ነገር ነበር። በ1946 የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር፣ በመሪው በጆን ሉዊስ አማካይነት፣ ከአገሪቱ መንግሥት ጋር አንድ ስምምነት ተፈራረመ፦ ከሚወጣው ከእያንዳንዱ ቶን ከሰል ላይ አምስት ሳንቲም ለቆፋሪዎቹ ሕክምናና ጡረታ ይቀመጥ። ሳንባው በከሰል ብናኝ የተያዘ፣ ጀርባው በናዳ የተሰበረ ሰው በዚያች አምስት ሳንቲም ታከመ። በ1956 በተራሮቹ መካከል ሆስፒታሎች ተከፈቱባት። በ2018 መምህራኑ ያቀረቡት ጥያቄ የዚያ ልጅ ነው፦ ዛሬ ከምድራችን በሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ላይ ግብር ጨምሩና ለመድናችን የማይደርቅ ምንጭ ይሁነው። ከመሬታችን የሚወጣው ሀብት ለሕመማችን ይድረስልን። አያቶቻቸው ያገኙትን ነው የጠየቁት።

መንግሥት ዝም አላለም። የስልኩ ነገር ቀረ። ፌብሩዋሪ 20 የመድኑ ቦርድ የተቀረውንም ለውጥ ለጊዜው አገደ። በማግስቱ አገረ ገዢው ጂም ጀስቲስ፣ ራሳቸው የከሰል ኩባንያዎች ባለቤት የሆኑ ባለጸጋ፣ ጭማሪውን ፈረሙ፦ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት በመቶ፣ ከዚያ በሁለት ዓመት አንድ አንድ በመቶ። የሠራተኞቹ መልስ ግን የማያሻማ ነበር። ማገድ ማዳን አይደለም። ዘንድሮ ያገዳችሁትን ለከርሞ ልትለቁት ነው።

ሐሙስ ፌብሩዋሪ 22 ነጋ። ሃያ ሺህ ያህል መምህራንና አሥራ ሦስት ሺህ ያህል የትምህርት ቤት አገልግሎት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በዚያ ግዛት ለመንግሥት ሠራተኛ አድማ መምታት ሕገ ወጥ ነው፤ ዋናው ዐቃቤ ሕግም ዋዜማውን ይህንኑ በይፋ አስታውቀዋል። ታዲያ እንዴት ሆነ? እዚህ ላይ ነው የሾፌሩና የምግብ አብሳይዋ ነገር የሚመጣው። በየካውንቲው ድምፅ ሲሰጥ የማኅበር አባል የሆነም ያልሆነም፣ መምህሩም ሾፌሩም እኩል ድምፅ ሰጥቶ ነበር። በዚያ ተራራማ አገር አውቶቡሱን የሚነዳ ከሌለ ተማሪ የለም፤ ምግብ የሚያበስል ከሌለ ትምህርት ቤቱ ልጅ ሊቀበል አይችልም። ስለዚህ የየካውንቲው የትምህርት ኃላፊዎች ራሳቸው ትምህርት ቤቱን ዘጉ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ደግሞ ከሥራ ገበታው ቀረ የሚባል ሰው የለም። በ1990 ተመሳሳይ አድማ ተመትቶ በ47 ካውንቲዎች ተወስኖ ነበር። አሁን ግን ሃምሳ አምስቱም ዘጉ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር ይኸው። ሃምሳ አምስት እጅ፣ ሃምሳ አምስት ሎሚ። መፈክራቸውም ያው ቁጥር ሆነ።

በቻርልስተን፣ በካናዋ ወንዝ ዳር፣ የወርቅ ቅብ ጉልላት ያለው ምክር ቤት አለ። በእነዚያ ቀናት በሺህ የሚቆጠር ሰው በየማለዳው ወደዚያ ይጎርፋል። ከውጭ በብርድ ይሰለፋሉ፣ ከውስጥ በደረጃውና በመተላለፊያው ሞልተው ይዘምራሉ።

ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 27 ማታ አገረ ገዢውና የማኅበራቱ መሪዎች ወጥተው ተስማምተናል አሉ። ለትምህርት ቤት ሠራተኞች አምስት በመቶ፣ ለሌሎች የግዛቲቱ ሠራተኞች ሦስት በመቶ፤ የመድኑን ነገር ደግሞ የሚያጠና ግብረ ኃይል ይቋቋማል። ረቡዕ ለማረጋጊያ ይሁን፣ ሐሙስ ሥራ ይገባል።

ደረጃው ላይ የቆመው ሕዝብ ዜናውን በእልልታ አልተቀበለውም። ተቃወመ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ከሁለት በመቶ ወደ አምስት መዝለል ትልቅ ነገር ነው። እነሱ ግን ሁለት ነገር አዩ። የግዛቲቱ ሴኔት ገና ድምፅ አልሰጠም፤ መድኑም ያገኘው ገንዘብ ሳይሆን ስብሰባ ነው። በዚያ ላይ የደመወዙ ጭማሪ ከእነሱ ጋር በአንድ ካርድ ለሚታከሙት ሌሎች ሠራተኞች ሦስት በመቶ ብቻ ነው። ረቡዕ በየካውንቲው ተሰብስበው መከሩ። ማታ ላይ አንዱ ካውንቲ «ነገ ዝግ ነን» አለ። ሌላው ተከተለ። እኩለ ሌሊት ሳይሆን ሃምሳ አምስቱም እንደገና ዘጉ። መሪዎቻቸው የተስማሙበትን ተራው ሠራተኛ አላጸናውም።

የተወካዮች ምክር ቤቱ አምስት በመቶውን አጸደቀ። ሴኔቱ፣ በፕሬዚዳንቱ በሚች ካርማይክል መሪነት፣ አራት ይበቃል ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ቅዳሜን አልፎ ሰኞ ደረሰ። ማክሰኞ ማርች 6 ግን ስምምነቱ መጣ፤ ለትምህርት ቤት ሠራተኛውም፣ ለፖሊሱም፣ ለመንገድ ሠራተኛውም፣ ለሁሉም የግዛቲቱ ሠራተኞች እኩል አምስት በመቶ። አገረ ገዢው በዚያው ቀን ፈረሙ። በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ እንባና ሳቅ ተቀላቅሎበት «ካንትሪ ሮድስ» የሚለውን ዘፈን አነሣ። የጆን ዴንቨር ነው፤ ከግዛቲቱ ይፋዊ መዝሙሮች አንዱ ሆኗል። የወጣው በ1971 ነው። መድኑ በተወለደበት ዓመት።

በማግስቱ ማርች 7 ማለዳ ቢጫዎቹ አውቶቡሶች ጠመዝማዛውን መንገድ ይዘው ወጡ። ወሬው ግን ተራራውን ተሻግሮ ነበር። ኤፕሪል ላይ የኦክላሆማ መምህራን፣ ቀጥሎ የአሪዞና መምህራን ሥራ አቆሙ።

ወጋችን እዚህ ቢያልቅ ጣፋጭ በሆነ። ሙሉውን ካልነገርኳችሁ ግን በደልኳችሁ።

ግብረ ኃይሉ ተቋቋመ፤ በየከተማው እየዞረ የሠራተኛውን ብሶት ሰማ። አረቦኑም ለጥቂት ዓመታት ባለበት ቆመ። የማይደርቀው ምንጭ ግን፣ ያ ከምድር ከሚወጣው ሀብት ላይ የተጠየቀው፣ ሳይቆፈር ቀረ። የሕክምና ዋጋ ደግሞ አድማም ስምምነትም አያውቅም፤ መውጣቱን ቀጠለ። መድኑ ለሆስፒታሎች የሚከፍለው ዋጋ እያነሰባቸው ሄደ። በ2022 መጨረሻ በዊሊንግ ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል፣ ክፍያው ወጪዬን አይሸፍንም፣ በዚህ ካርድ የሚመጣ ታካሚ ከመጪው ጁላይ ጀምሮ አልቀበልም ብሎ አስታወቀ። አስቡት። ካርዷ በኪስ አለች፤ በሩ ግን ሊዘጋባት ነው።

ምክር ቤቱ በ2023 ሕግ አወጣ። ለሆስፒታሎች የሚከፈለው፣ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድን ከሚከፍለው 110 በመቶ እንዲሆን ደነገገ። ሆስፒታሎቹ ተነፈሱ። የሰማንያና የሃያው ሚዛን ይጠበቅ ተባለ፤ ለዓመታት ቆሞ የኖረው አረቦንም ለዚያ ሲባል በአንድ ጊዜ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ዘለለ። የትዳር ጓደኛው በሥራ ቦታው ሌላ መድን ማግኘት እየቻለ በዚህኛው የሚቆይ ሠራተኛ ደግሞ በወር 147 ዶላር ተጨማሪ እንዲከፍል ሆነ። በዚያው ዓመት መምህራኑ 2,300 ዶላር የዓመት ጭማሪ አግኝተዋል። አሁንም ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 147 በ12 ሲባዛ 1,764 ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከጭማሪው የሚተርፈው 536 ዶላር ነው፤ የአረቦኑ ጭማሪና ግብሩ ገና ሳይነሣለት። ቀኝ እጅና ግራ እጅ፣ ከአምስት ዓመት በኋላም እዚያው ናቸው።

ታዲያ አድማው ከንቱ ነበር? አልነበረም። አምስት በመቶው ገብቷል፤ በየስልኩ እርምጃው እየተቆጠረ የሚቀጣ መምህር የለም፤ አረቦኑም ለጥቂት ዓመታት ተይዞ ቆይቷል። ከሁሉ በላይ ሰዎቹ የተቀበሉት ካርድ የጉልበታቸው ዋጋ መሆኑን ጮክ ብለው ተናግረዋል። ያላለቀው ነገር ግን አላለቀም። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ለእናንተም እሱን ላስጨብጣችሁ። ሎሚ የሚይዝ እጅ ሲሰበሰብ ሎሚው መሬት ወድቆ አይጠፋም፤ ወደሚቀጥለው ሰው እጅ ይዛወራል። ግዛቲቱ እጇን ስታሳጥር ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። ሆስፒታሉ አልችልም ሲል ወደ መምህሯ ኪስ ተመለሰ። መምህሯ ሳትችል ስትቀር ልጇ እጅ ላይ ያርፋል። ስለዚህ መንግሥት የሠራተኛውን መድን እደግፋለሁ ሲል፣ የዛሬውን ድርሻ ብቻ ሳይሆን ዋጋ ሲወጣ አብሮ የሚወጣ ድርሻ ቃል መግባት አለበት። የማያድግ ድጋፍ እንደ ሕፃን ልብስ ነው፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ይጠበዋል።

ከእናንተም መካከል በአሜሪካ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዱ፣ በወጥ ቤቱ የምታበስሉ፣ በክፍል ረዳትነት የምታገለግሉ ትኖራላችሁ። በዓመት አንድ ጊዜ የመድን ምርጫ ወረቀት ሲመጣችሁ፣ እናንተ የምትከፍሉትን መስመር ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። አሠሪው የሚከፍለውንም መስመር ፈልጉት፤ ካለፈው ዓመት ጋር አስተያዩት። ከኪስ የሚወጣውስ ስንት ሆነ? ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። ከአጠገባችሁ ያለው ሰው ተመሳሳይ ወረቀት ይዞ ለብቻው እየተጨነቀ ሊሆን ይችላል።

መጨረሻው ላይ ወደ ወጥ ቤቱ ልመልሳችሁ። በአድማው ዋዜማ እነዚያ ሴቶችና ወንዶች ከረጢት ሲሞሉ፣ የትኛው ልጅ ቤት ውስጥ ምግብ እንደማይኖር በስም አላረጋገጡም። ይህ ልጅ ይገባዋል፣ ያ አይገባውም ብለው አልመረመሩም። አድማው አንድ ቀን ይሁን ዘጠኝ ቀን እንደሚቆይም አያውቁም ነበር። ማዕድ እንደሚነሣ ግን አውቀዋል፤ ስለዚህ ቀደም ብለው ሞሉ። የጤና መድን ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ነገ ማን እንደሚታመም ሳይታወቅ፣ ዛሬ ሁሉም በየአቅሙ የሚሞላው ከረጢት ነው። ያችን ካርድ በኪሳችሁ ስትዳብሷት፣ ከጀርባዋ ስንት እጅ እንዳለ አስቡ። የእናንተም እጅ ከዚያ ውስጥ ነው።